ሁለት ዓመት በጣሳ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ካሰች፣

«እንደምን አሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስኪሰማ ቆሞ የጠበቀ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እኔ ራሴም ቆሜ አላውቅም። አፌ ይጠይቃል፣ እግሬ ይሄዳል።

ይህን ያስጠየቀኝ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ባለፈው ወር ከቡሬ በአያ ገነነ ጋሪ መጥቼ የተውኩልዎት ባለ ሃያ ጥያቄ ቅጽ ትናንት ደረሰኝ። (በዚያ ቀን ከእናትዎ ከእማማ ንግሥቴ ጠላ ሦስተኛውን እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ማውራቴን ይቅር ይበሉኝ።) ለሃያውም ጥያቄ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው መልሰዋል። ከጀርባው ግን በቀይ እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄው ጠማማ ነው። 4/10። እንደገና ተሠርቶ ይቅረብ።»

የአዴት ልጅ ነኝ፤ ባለፈው ሐምሌ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቄያለሁ። ኮፍያውን ገና ካወለቅኩ ስድስት ወሬ ነው። እንደ እርስዎ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ሕመም ያለባቸው የምዕራብ ጎጃም ሰዎች ልባቸውን ማን እንደሚያግዝላቸው እንዳጠና ተቀጥሬ ስመጣ ዓለምን በሦስት ወር የማስተካክል መስሎኝ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው አገኘሁ። አሥራ ሁለቱም «ተመስገን» አሉኝ። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ላቀው ከባሕር ዳር ደውለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ምስክር፣ የጠየቅኸው ሕሙማንን ነው ወይስ የሠርግ እንግዶችን? በዚህ ወረቀት መሠረት ከእኔ ይልቅ እነሱ ደስተኞች ናቸው!»

እንደገና የሠራሁትን ቅጽ፣ ስለ ሕመሙም ጥያቄ ያለበትን፣ አብሬ ልኬያለሁ፤ ቀጥተኛ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተምሩኝ። በትንሿ ወረቀት ላይ ለብቻው የጻፍኩት ሌላ ነገር አለ። እሱን ካልፈለጉ አይመልሱት፣ ምድጃ ውስጥ ይጣሉት።

አክባሪዎ፣
ምስክር


ከቡሬ ወዲያ፣ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጅ ምስክር፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እንኳ ከጠየቅሁ እግሬ የትም አይሄድብኝም፤ መልሱን እስክሰማ እዚሁ ነኝ።

ደብዳቤህን አርሜዋለሁ፣ 5/10። አዲሱን ቅጽህን ደግሞ አየሁት፦ «በጣም አዝነው ያውቃሉ? በጣም ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ?» አንተ ልጅ፣ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን» የሚል ይመስልሃል? የኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ ያልነገረውን ኀዘን ማኅተም ላለበት ወረቀት አይፈርምም። ይልቅ ከማን ጋር እንደሚበላ ጠይቀው። ቀሪውን ራሱ ይነግርሃል።

ስለ ሕመሙ የጠየቅኸኝ ቀላሉ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩን አይጥ ስትበላው አይተሃል? ሐኪሙ እንዲያ ብሎ ነው ያስረዳኝ፤ በኔ ውስጥ ያለው ሽቦ ላስቲኩ ተልጧል። መብራቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። መጀመሪያ ግራ ዐይኔ ጭጋግ ለበሰ፤ ቡሬ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ። ቀጥሎ እግሬ ደነዘዘ። ከሁሉ የከፋው ግን ድካሙ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። «ፊቷ ወዛም፣ እጇ ሰነፍ» ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ፦ ቀዝቃዛ ጠበል ሲያፈሱብኝ እግሬ ይታዘዘኝ ነበር። ለሐኪሙ ብነግረው «ትክክል ነው፣ ይህ ሕመም ሙቀት አይወድም፣ ሰውነትሽን አቀዝቅዢ» አለኝ። ቄሱና ሐኪሙ በኔ ላይ ተስማምተው አደሩ።

«ከግቢ ከወጡ ስንት ጊዜ ሆነዎ? ለምን?» የምትለዋን ትንሿን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ልጥላት ነበር። ደግሞም ጥያት ነበር፤ መልሼ ስቤ አወጣኋት፤ ጥጓ እንደተቃጠለ ነው።

እሺ። ከአጥር ግቢያችን ከወጣሁ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖኛል። ጥቅምት 1 ቀን 2002 የልደታ ማኅበራችን ጽዋ ተረካቢ እኔ ነበርሁ። ጽዋውን ከባለ ተራው ቤት ተቀብዬ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየዘመረ ሸኝቶኝ፣ የራሴ ደጃፍ ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝ። የሸክላው ጽዋ ድንጋዩ ላይ ተበታተነ። ጠላው የማኅበሩን አለቃ፣ የሙሴውን የአቶ እንዳለውን ነጠላ አራሰው። ዝማሬው ተቋረጠ። አንዲት ሴት «ውይ፣ በልደታ ቀን!» አለች። ከዚያ ሌላ ማንም ምንም አላለም፤ ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለ።

በማግስቱ «ስሜን ከማኅበሩ ሰርዙልኝ» ብዬ ጽፌ ለአቶ እንዳለው ላክሁ። መልስ አልመጣም። ያልመጣ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መምህርት መሆን አያስፈልግም።

ይኸው ነው። አሁን ወረቀቷን እጥላታለሁ።

ካሰች


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ካሰች፣

በአያ ገነነ አፍ የላኩብኝን «ለስብሰባ የጠራሃቸው ሰዎች መጡ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሰማሁ። አዎ፣ ሰዎቹ መጡ። ግን የመጡት እነሱ አይደሉም።

«ከማን ጋር ይበላሉ?» ያሉኝን ጥያቄ ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። ለምን እርስ በርሳቸው አይገናኙም አልኩ። እርስዎ ከደጅ እንደማይወጡ ስለነገሩኝ እርስዎን ተውኩና፣ አሥራ አንዱን በየቀበሌያቸው በኩል «የካቲት 5 ጠዋት የድጋፍ ቡድን ስብሰባ ስላለ ፍኖተ ሰላም ይገኙ» ብዬ አስጠራሁ። አዳራሽ ውስጥ ወንበር በክብ ደረደርኩ። ሻይ አስፈላሁ። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፤ ወሩ የካቲት ነው። በየካቲት ቀበሌ «ቡድን» ብሎ ሰው ከጠራ ለእርከን ዘመቻ እንደሆነ የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዴት ጠፋኝ?

በሦስት ሰዓት አሥራ አንድ ጤነኛ ሰው ዶማና አካፋ ተሸክሞ፣ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ።

ከፊት የቆመው ባዬ የሚባል የቋሪት ገበሬ ነው። «የተጠራው ወንድሜ ቂርቆስ ነው፤ እሱ ሕመምተኛ ነው፣ አይችልም። ተክቼው መጥቻለሁ። እርከኑ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«እርከን የለም፣ ወንድም ባዬ። ስብሰባ ነው።»

«ስብሰባውማ መቼ ቀርቶ ያውቃል? እርከኑ ከስብሰባው በኋላ ነው። አሳየንና በጊዜ እንጨርሰው!»

«ኧረ እኔ የፈለግኩት ሕመምተኞቹን ነው!»

ከኋላ አንዲት ሴት «ይኸን ልጅ እዩት፣ ሕመምተኛ ሊያስቆፍር!» ብላ ጮኸች። ሊደበድቡኝ ምን ቀራቸው?

ሻዩን ጠጥተው፣ ነገሩ ገብቷቸው፣ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ከሳቁ በኋላም ባዬ «ዶማ ይዘን ባዶ እጃችንን አንመለስም» አለ። የአዳራሹን የውኃ መውረጃ ቦይ ዙሪያውን ቆፍረው ሄዱ። ዘንድሮ ክረምት ጎርፍ አዳራሹ ባይገባ የጥናቴ ውጤት ይኸ ነው።

ሁሉም ተነሥተው ሲወጡ ባዬን ለብቻው ያዝኩትና «ቂርቆስን ራሱን ጠርቶት የሚያውቅ ሰው አለ? ለስብሰባም፣ ለሠርግም፣ ለደቦም?» አልኩት። ዶማውን ከትከሻው አወረደ። «እንዲያርፍ ብለን» አለኝ።

መምህርት፣ አሥራ አንዱም ቤት እንዲሁ ነው። ስለሚወዷቸው ይተኳቸዋል። በፍቅር አሳርፈው ከሰው አወጧቸው።

ምስክር


ከቡሬ ወዲያ፣ የካቲት 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጅ ምስክር፣

7/10። «ሊያስቆፍር» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። እንዲያው ዝም ብዬ አይደለም፣ ከወንበሬ እስክንሸራተት ሳቅሁ። እማማ «በሞትሁት! ምን ሆንሽብኝ?» እያለች ከጓሮ ሮጣ መጣች። ሳቅ መሆኑን ስታውቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለካ ሳቄን ከሰማች ሁለት ዓመቷ ነው። ጤነኛዋ አልቃሽ፣ ሕመምተኛዋ ሳቂታ። ጎረቤት ቢያየን ጠበል ይወስደን ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ግን የባዬ ነገር ውስጤ ቀረ። እንዲያርፍ ብለን።

እማማ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። «ቤተ ክርስቲያን ነው» ትለኛለች። በጥቅምት ደግሞ አንድ ጋን ጠላ ጠምቃ በጋሪ አስጭና ወሰደች፤ «ለገበያ ነው» አለችኝ። እናቴ ጠላ ሸጣ አታውቅም። ምን እያደረገች ነው? ባለፈው ሳምንት አዲሶቹን ጥያቄዎች ይዘህ ስትመጣ ከእሷ ጋር አጥር ሥር ስትንሾካሾኩ አይቻችኋለሁ። ዐይኔ ቢደበዝዝም ሹክሹክታ ይታየኛል።

እኔን የሚተካኝ ሰው አለ ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ እንዳልደውልልህ እግሬ አይወጣልኝም፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ እንደጮህሁብህ ቁጠረው።

ካሰች


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ካሰች፣

አልነግርዎትም። ለእማማ ንግሥቴ በልደታ ስም ቃል ገብቻለሁ፤ ልደታን የሚያስቀይም ልጅ አልተወለድኩም።

ከትናንት በስቲያ ከእሳቸው ጋር አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ አልጽፍም። ያየሁትንም አልጽፍም። ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረች ሴት ቦታ ቀይራ ተቀመጠች፤ ይህን ብቻ እጽፋለሁ።

ግን እርስዎ እናትዎን እንዲጠይቁ አላደርግም የሚል ቃል አልገባሁም። እንዲህ ብለው ይጠይቋቸው፦ «የልደታ ማኅበር አሁን በምን ይጠጣል?»

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለዚህኛው ደብዳቤ ስንት ከአሥር እንደሚሰጡኝ ፈርቻለሁ።

ምስክር


ከቡሬ ወዲያ፣ መጋቢት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ምስክር፣

ጠየቅኋት። እማማ ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ጥላ «ያ ልጅ ነገረሽ!» አለች።

«አልነገረኝም። በምን ይጠጣሉ?»

«በጣሳ።»

«በምን ጣሳ?»

«በዘይት ጣሳ።»

ምስክር፣ ሁለት ዓመት! የልደታ ማኅበር፣ ሃያ አራት አባወራና እማወራ፣ አፉ ከንፈር በሚቆርጥ የዘይት ጣሳ! አቶ እንዳለውን አስጠሪልኝ አልኋት። በማግስቱ ዱላውን ተደግፎ መጣ፤ ያው ነጠላ፣ ያው ጢም። በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ዋልሽ፣ አንባቢያችን» አለኝ፤ ትናንት የተለየሁት አስመሰለው።

«ጽዋ መግዣ አጣችሁ?» አልሁት።

«ጽዋ የሰበረ ማኅበርተኛ ራሱ ይተካል፣ ሌላ ሰው አይተካለትም ይላል ሕጉ። መዝገቡ ላይ በእጅሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኛ ሕግ አናፈርስም።»

«ስሜን ሰርዙ ብዬ ልኬ አልነበር?»

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ደብዳቤዬ ነው። እንደታጠፈ ነው። «የማኅበሩን ወረቀት የምታነብልን አንቺ ነሽ» አለኝ። «ቄሱ ላንብብላችሁ ሲል ከለከልሁት። ባለቤቷ መጥታ ታነብልናለች አልሁት። እየጠበቅንሽ ነው።»

ጅሎች እንዳይመስሉህ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ሃያ አራቱም ያውቃሉ፤ ካልተነበበ ግን አልተባለም። ስሜ በየወሩ ሲጠራ እማማ «አለች!» ትላለች። ተራዬ ሲደርስ እሷ ጠምቃ በአቶ እንዳለው ቤት አወጣችልኝ። እኔን መጥራት ግን ፈሩ። እንዳታፍር ብለን፣ እንድታርፍ ብለን። እኔም የነሱን ዝምታ ፍርድ መስሎኝ እዚህ ቁጭ አልሁ። እነሱ በጣሳ፣ እኔ በኩራት፣ ሁላችንም ከንፈራችንን ስንቆርጥ ከረምን።

ከሄደ በኋላ አለቀስሁ፤ የደስታ ነው። ቀጥሎ ፍርሃቱ መጣ። ጽዋ መግዛቱስ ቀላል ነው። ማን ይሸከመዋል? እጄ ጠዋት የኔ ነው፣ ከቀትር በኋላ የሌላ ሰው። ሌላ ጽዋ ደጃፍ ላይ ብሰብር፣ እነሱ ጣሳቸውን ቢመልሱ እንኳ እኔ ዳግመኛ አልወጣም። ራሴን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ ሞኝነት ይመስለኛል። በአያ ገነነ በኩል በቃል ልኬብሃለሁ። ከሳቅህ አትጻፍልኝ።

ላለመናገርህ 8/10።

ካሰች


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ካሰች፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ! አዎ፣ ይቻላል። አልሳቅኩም። አናጺው ግን ስቋል።

«ከእንጨት የተሠራ ጽዋ፣ ግራና ቀኝ መያዣ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው» ብዬ ስነግረው «ጽዋ ነው ወይስ ቃሬዛ?» አለኝ። ነገሩን ዘርዝሬ ሳስረዳው ግን ለሌላ ሰው ያስቀመጠውን የደረቀ ዋንዛ አወጣ። ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ጣልነው። ድንጋዩ ተጫረ፤ ጽዋው ወይ ፍንክች። በአያ ገነነ ጋሪ እልከዋለሁ።

አሁን በእርስዎ የታረመውን ቅጽ ነው የምይዘው። ጥያቄው አራት ብቻ ነው። አንደኛው «ከማን ጋር ይበላሉ?» ሁለተኛው «እርስዎን ራስዎን በስምዎ ማን ጠራዎት? መቼ?» ቋሪት ሄጄ የባዬን ወንድም ቂርቆስን ሁለተኛውን ስጠይቀው መልሱን ሲያስብ ቀትር ሆነ። ቀጥሎ እስከ አሥር ሰዓት አወራኝ። ባዬ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆየና «ይኸ ሁሉ ወሬ ነበረህ?» አለው። «የጠየቀኝ አልነበረማ!» አለ ቂርቆስ። አዴት ያለችው ፍሬሕይወት ደግሞ ለመጀመሪያው ቅጽ ሃያ ጊዜ «ተመስገን» ብላኝ ነበር፤ አሁን የናፈቃትን ብጠይቃት ሠርግ ላይ ማጨብጨብ አለችኝ። ዶክተር ላቀው ወረቀቶቹን አንብበው «አሁን ሰው አገኘህ» አሉኝ። ጥናቱ ይቀጥላል።

ባለፈው በአያ ገነነ በኩል የጠየቁኝን፣ እኔ እንደምን እንዳለሁ፣ ሳልመልስ ማለፍ አሰኝቶኝ ነበር። ቆመው እንደሚጠብቁ ስለማውቅ እመልሳለሁ። ተከራይቼ ባለሁባት ክፍል ብቻዬን ነው የምበላው። አዴት ላለችው እናቴ በየሳምንቱ እደውልና «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላታለሁ። የሰውን ልብ ላጠና መጥቼ የራሴን ቅጽ ሳልሞላ ዘጠኝ ወር አለፈ። ይኸው ሞላሁት።

ምስክር


ከቡሬ ወዲያ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ ምስክር፣

ላለፈው ደብዳቤህ 9/10። ጽዋው ደረሰ። አያ ገነነ እንደ ሙሽራ በጋቢው ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውኃ ሞልተን እኔ በቀኝ፣ እማማ በግራ ግቢውን እንዞራለን። ሁለት ጊዜ እግሬ ከድቶኛል፤ እሷ ያዘችው። አንድ ጊዜ የእሷ እግር ከድቷት እኔ ያዝሁት! ይህን አልረሳውም። ሰው ሲደግፈኝ ነው የከረምሁት፤ ሰው መደገፍ እንዲህ እንደሚያስደስት ረስቼው ነበር።

አቶ እንዳለው መጥቶ አየንና መዝገቡን አምጡ አለ። በእጄ አዲስ ሕግ አስጻፈኝ፦ «ከእንግዲህ ጽዋ የሚወጣው በሁለት ሰው ነው፤ ለታመመውም ለደህናውም።» «ለደህናው ለምን?» ስለው «ዝም ብዬ እንጂ እኔም ጉልበቴን ያመኛል» አለኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሴ ሆኖ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

የግንቦት ልደታ መቼም ከቤት ውስጥ አይበላም፤ ከደጃችን ወዲያ ካለው ዋርካ ሥር ነው። ጽዋውን ከደጃፌ፣ ከዚያው ከድንጋዩ ላይ አንሥቼ እወስዳለሁ። ያን የታጠፈ ደብዳቤዬንም ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ እዚያው በቀይ አርመዋለሁ። 0/10።

የአንተን አሥራ አንድ ሰዎች ጋብዣለሁ። በቀበሌ አይደለም፤ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው፣ በእጄ ጽፌ። ተተኪ አልቀበልም ብያለሁ። ለባዬ ለብቻው ጽፌለታለሁ፦ «ወንድምህን አምጣ፤ ዶማህን ቤትህ ተው።» ቂርቆስ በበቅሎ እንደሚመጣ ልኮብኛል። ፍሬሕይወት የሚጨበጨብ ነገር አለ ወይ ብላ ጠይቃለች። አለ በላት።

ከደጃፌ እስከ ዋርካው ሰባ ሁለት እርምጃ ነው፤ እማማ ለክታዋለች። በዚያ ቀን ግን እሷ ዳቦውን ትይዛለች፣ አቶ እንዳለው ዱላውን። የግራው መያዣ ሰው የለውም። ብቻውን የሚበላ አንድ የአዴት ልጅ አውቃለሁ፤ አንዷን የቀረችውን ነጥብ እዚያ እሰጠው ነበር።

ግንቦት 1 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደጃፌ ቆሜ እጠብቃለሁ። መምጣትህን በአያ ገነነ ላክልኝ፤ እመጣለሁ ወይም አልመጣም በለኝ፤ «ተመስገን» ብቻ ብለህ እንዳትልክብኝ።

ካሰች